ሁለቱን ድምፅ የሚያሠለጥነው የደሴው ቤት፦ ስምንት ሳምንት ከእህቴ ልጅ ጋር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ከአንድ የልብስ ስፌት ቤት በላይ ባለው ፎቅ ላይ፣ ወጣቶችን ለቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ማጣሪያ የሚያዘጋጅ የሥልጠና ቤት አለ። ከምስጋናዬ ጋር ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም፤ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ግን ከመስኮቱ በሚወርደው የድምፅ ማሟሻ ያውቀዋል። የ19 ዓመት ልጅ የሆነችው የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ሄዳ ለመወዳደር ቆርጣ ስለነበር፣ ክፍያውንም ክትትሉንም እኔ ወሰድኩ፤ ብቻዋን እንዳትመላለስም አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተከታትያለሁ። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ስለ ዜማ የምጽፈው እንደ አንድ አድማጭ ሲሆን፣ ስለ ቁጥር የምጽፈውን ግን በሙያዬ ኃላፊነት እወስዳለሁ።

ክፍያው ለስምንት ሳምንት 4,500 ብር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ስለሆነ በጠቅላላው 32 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም በሰዓት ወደ 140 ብር መሆኑ ነው። በእኛ ዙር አሥራ አንድ ሠልጣኞች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዷ በየሳምንቱ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እየወጣች የምትመጣ ልጅ ነበረች፤ ክረምት ላይ ጭጋግ ሲወርድ ሁልጊዜ ዘግይታ ትደርሳለች፤ አሠልጣኙም ሳይቆጡ ይጠብቋታል። አሠልጣኙ በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ውስጥ የሠሩ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ ልጆቹ ጋሼ ይሏቸዋል፤ እርሳቸው ደግሞ ሁሉንም በስማቸው ጠርተው፣ ከየትኛው ሰፈር እንደመጡ ጭምር ያስታውሳሉ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ማይክ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ ግድግዳውን የያዘ ትልቅ መስታወትና ስልክ የሚሰካበት መቆሚያ አለ። መብራት በሄደ ቁጥር ኪቦርዱም ማጉያውም ዝም ይላሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን እንደ ጉድለት መዝግቤ ነበር። አሠልጣኙ ግን መብራት ሲጠፋ ሥልጠናውን አያቆሙም። «ማጣሪያ ላይም ባንድ የለም፤ ቁጥርህን ደረትህ ላይ ለጥፈህ ባዶ ክፍል ውስጥ ነው የምትዘፍነው» ብለው ልጆቹን ያለ ሙዚቃ ያስጀምሯቸዋል። ያለ መሣሪያ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ስንኝ ላይ ከተነሣበት ድምፅ ሳያውቀው ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ያየሁት በዚያን ጊዜ ነው። አሠልጣኙ ዘፈኑ ሲያልቅ ማሲንቋቸውን አንሥተው ልጁ የጀመረበትን ድምፅ ያሰሙታል፤ ልጁም የት እንደደረሰ ራሱ ይሰማል። በእኔ ግምት ከከፈልነው ገንዘብ ግማሹ ለዚህ ልምምድ ብቻ ቢሆን አይቆጨኝም።

ስለ አተነፋፈስ፣ ስለ ማይክ አያያዝና ስለ ድምፅ ማሟሻ የሚሰጠው ትምህርት የተለመደ ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም። የቅኝቱ ትምህርት ግን ሌላ ነው። አራቱ ዋና ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተሠሩ መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ከእነዚህ ሁለቱ የአገራችን የቦታ ስሞች ናቸው፤ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ። አሠልጣኙ እያንዳንዱን ቅኝት መጀመሪያ በኪቦርድ፣ ቀጥሎ በማሲንቆ ያሰማሉ። አምባሰል ላይ ከመነሻው ድምፅ ወደ ሁለተኛው የሚኬደው ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው፤ ያ ጠባብ እርምጃ ነው ለቅኝቱ ያን የሚያባባ ጠባይ የሚሰጠው። ኪቦርዱ ያንን ድምፅ በተበጀለት ቁልፍ ላይ ብቻ ያወጣዋል፤ የማሲንቆ ጣት ግን ትንሽ ዝቅ ወይም ትንሽ ከፍ አድርጎ ሊያሻሸው ይችላል። የኮምቦልቻዋ ልጅ አምባሰልን ከአያቷ የለመደች ስለሆነች ከኪቦርዱ ጋር ስትዘፍን ትጋጫለች፣ ከማሲንቆው ጋር ስትዘፍን ግን ትገጥማለች። አሠልጣኙ «አንቺ አልሳትሽም፤ ካለፍሽ በኋላ የሚያጅብሽ ባንድ ግን ኪቦርድ አለው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ልመጂ» አሏት። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ያስተጋባችበት አገር ልጅ «ስኬል ስተሻል» ተብላ እንዳትመለስ ከዚህ የተሻለ ምክር አይኖርም።

ችግሩ ጊዜው ነው። በማጣሪያ ላይ አንድ ተወዳዳሪ የሚያገኘው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ እምብዛም የማይበልጥ በመሆኑ፣ ዳኛው ፊት መልኩን ቀስ በቀስ የሚገልጥ ዜማ ገና መንገድ ሳይጀምር «ይበቃል» ይባላል። ስለዚህ ቤቱ ልጆቹን ከዘፈኑ መሐል፣ ድምፁ ከሚነሣበት ቦታ እንዲጀምሩ ያሠለጥናል። እንደ ዘዴ ትክክል ነው፤ እንደ አድማጭ ግን፣ አሥራ አንድ ልጆች በተከታታይ ያለ መግቢያ ከጩኸቱ ሲጀምሩ መስማት፣ ቡናን ያለ አቦል ከቶና መጀመር ይመስላል። የእህቴ ልጅም በአራተኛው ሳምንት እቤት ውስጥ ሳህን ስታጥብ እንኳ ከመሐል መጀመር ለምዳ ነበር።

ከሁሉም በላይ ያረካኝ በሦስተኛው ሳምንት የተሰጠው፣ ውድድሩ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳው ክፍለ ጊዜ ነው። አሠልጣኙ ታሪኩን በአጭሩ አስቀመጡት። ዛሬ በየአገሩ የምናየው አሠራር መልክ መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 በኒውዚላንድ በተላለፈው ፖፕስታርስ ነው፤ ከዚያ በ2001 በብሪታኒያ ፖፕ አይድል፣ በ2002 ደግሞ በአሜሪካ አሜሪካን አይድል ተከተሉ። በ2010 በኔዘርላንድ የጀመረው ዘ ቮይስ ዳኞቹን ጀርባቸውን አዙሮ ማስቀመጥን አመጣ። በእኛ አገር የእኔ ዕድሜ ሰዎች የኢትዮጵያን አይድልን ዘመን አንረሳውም፤ ዳኛው ፈለቀ ኃይሉ «አልመጣህም» ሲሉ በየቤቱ ሳቅም ቁጣም ይነሣ ነበር፤ ቃሏ እስከ ዛሬ መቀለጃ ናት። ከዚያም አብርሃም ወልዴ ያዘጋጀው ባላገሩ አይድል ዳዊት ጽጌን አሸናፊ አድርጎ አወጣ፤ አሁን ደግሞ ልጆቹ በብዛት የሚያወሩት በፋና ቴሌቪዥን ስለሚተላለፈው ፋና ላምሮት ነው።

ልጆቹን ያስደነገጣቸው ቀጥሎ የመጣው ነው። በትልልቆቹ የውጭ ውድድሮች በቴሌቪዥን የምናያቸው ታዋቂ ዳኞች በሰልፍ የቆመውን ሺህ ሰው ሁሉ አይሰሙም። ከእነርሱ በፊት የፕሮግራሙ አዘጋጆች የሚያካሂዱት፣ ብዙ ጊዜ የማይተላለፍ ማጣሪያ አለ። ዘ ቮይስ ላይ እንኳ ወንበሩ ዞሮ የሚጠብቃቸው ተወዳዳሪዎች ቀድመው የተመረጡ ናቸው። አዘጋጆቹ ደግሞ የሚፈልጉት ጎበዝ ዘፋኝ ብቻ አይደለም፤ ፕሮግራም ነው የሚሠሩት። ስለዚህ በጣም ጥሩው ያልፋል፤ በጣም መጥፎውም ተመልካችን ስለሚያስቅ አንዳንድ ጊዜ ያልፋል፤ የሚቀረው መካከለኛው ነው። አሠልጣኙ ይህን ሲናገሩ አሥራ አንዱም ዝም አሉ፤ ምክንያቱም እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ፣ የእኔዋን ጨምሮ፣ መካከለኞች ናቸው። አሠልጣኙ በሐሰት አላጽናኗቸውም። «መካከለኛ ድምፅ ይዛችሁ የምታልፉት የምትለዩበት ነገር ካላችሁ ነው፤ በዚህ አገር ያላችሁ መለያ ደግሞ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ነው» አሏቸው።

ከዚያ ወደ ታሪክ አነጋገር ገቡ። ተወዳዳሪው ስለ ራሱ የሚናገራት አንድ ደቂቃ ከዘፈኑ እኩል እንደምትታይ፣ አዘጋጆችም ከሰዓታት ቀረጻ ውስጥ የሚቆርጡት እንባ ያለበትን እንደሆነ አስረዱ። እዚህ ላይ አልተስማማሁም፤ ቤቱ ልጆቹን ችግራቸውን በመስታወት ፊት እንዲለማመዱት ያደርጋል። አባቷን በልጅነቷ ያጣችው የእህቴ ልጅ ያንን ሐዘን በአርባ ሰከንድ፣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ትንሽ ቆም እያለች እንድትናገር ስትታረም አይቼ ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። በሚቀጥለው ሳምንት በእርጋታ ለአሠልጣኙ ነገርኳቸው፤ እርሳቸውም ይቅርታ ጠይቀው ያንን ልምምድ ለእርሷ ተዉላት፤ ለሌሎቹ ግን ቀጠለ።

በአማርኛ ዘፋኙ የሚያወጣውም ተመልካቹ የሚሰጠውም ድምፅ ይባላል፤ ቤቱም ሁለቱን አሠለጥናለሁ ይላል። የመጀመሪያውን በሚገባ ያሠለጥናል። በሁለተኛው ላይ ግን የተሳሳተ ነገር ሲያስተምር ሰምቻለሁ፤ ይህን ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ለሌሎች ወላጆች ይጠቅማል ብዬ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ስለ ነጥብ አሰጣጥ የሚያስረዳ ሌላ ወጣት መጣ። «ከመቶው 60 የዳኞች፣ 40 የሕዝብ በሆነበት ውድድር ዋናው ወሳኝ ዳኛ ስለሆነ ስለ ሕዝቡ ብዙ አትጨነቁ» አለ። ነገሩ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ወሳኙ የተመደበው መቶኛ ብቻ ሳይሆን ነጥቡ በተወዳዳሪዎች መካከል ምን ያህል ተራርቆ እንደሚሰጥ ነው። ዳኞች ወደ ፍጻሜ በተቃረቡ ተወዳዳሪዎች መካከል ብዙ አይለያዩም፤ ለአንዷ 92፣ ለሌላው 86 ይሰጣሉ እንበል። በ60 በመቶ ሲባዛ የመጀመሪያዋ 55.2፣ ሁለተኛው 51.6 ያገኛሉ፤ ልዩነቱ 3.6 ብቻ ነው። የሕዝቡ ድምፅ ግን ሰፊ ክፍተት ይፈጥራል፤ እርሷ ከጠቅላላው ድምፅ 15 በመቶ፣ እርሱ 35 በመቶ ቢያገኙ፣ በ40 ሲባዛ 6 እና 14 ይሆናል። ልዩነቱ 8 ነው። በድምሩ እርሱ በ65.6 ለ61.2 ያሸንፋል፤ ማለትም በወረቀት ላይ 60 የያዙት ዳኞች ያስቀደሟት ልጅ በ40ው ተሸነፈች። ይህን በሰሌዳው ላይ እንድሠራው ጠይቄ ሠራሁት፤ ወጣቱ ቅር ሳይለው ሒሳቡን በስልኩ ፎቶ አነሣው። ይህን ችግር ለማጥበብ አንዳንድ ውድድሮች የዳኞችን ነጥብ በቀጥታ ከመደመር ይልቅ ወደ ደረጃ ይለውጡታል፤ የብሪታኒያው የዳንስ ውድድር ስትሪክትሊ ከም ዳንሲንግ እንዲህ ያደርጋል። ስለዚህ ልጁን የሚያስመዘግብ ወላጅ ስንት በመቶ ለማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ነጥቡ በምን መንገድ እንደሚደመርም ቢጠይቅ ይሻላል።

የሕዝብ ድምፅ ብዙ ጊዜ ለችሎታ ብቻ አይሰጥም። የአውሮፓ አገሮች በሚወዳደሩበት የዘፈን ውድድር፣ ዩሮቪዥን ላይ፣ ጎረቤት አገሮች እርስ በርስ ይመራረጣሉ የሚለው ቅሬታ ስለበዛ እ.ኤ.አ. በ2009 ፍጻሜ የባለሙያ ዳኞች ግማሹን ድርሻ እንዲይዙ ተደርጓል። በተራ መጨረሻ አካባቢ የሚዘፍን ተወዳዳሪ በአማካይ እንደሚጠቀምም በዚያው ውድድር ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ተመልካች የቅርቡን ያስታውሳልና። እ.ኤ.አ. በ2013 አረብ አይድልን ያሸነፈው የጋዛው ሞሐመድ አሳፍ ድምፁ ግሩም መሆኑ ባያከራክርም፣ ከኋላው የተነሣው ሕዝብ ድምፅ የሰጠው ለዘፈኑ ብቻ አልነበረም። እኛም ብንሆን አንድ የወሎ ልጅ መድረክ ላይ ቆሞ ሲታይ፣ ስልካችንን የምናነሣው ሁልጊዜ ቅኝቱን መርምረን አይደለም።

ቤቱ የሚወቀስበት ዋናው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በሰባተኛው ሳምንት ለወላጆች ብቻ በተጠራ ስብሰባ ላይ፣ ልጁ ማጣሪያውን ካለፈ የጽሑፍ መልእክት ድምፅ የሚያሰባስብ «የድጋፍ አገልግሎት» በተጨማሪ 3,000 ብር እንደሚሰጥ ተነገረን፤ ፖስተር፣ የቴሌግራም ቡድንና በየእድሩ የሚዞር አስተባባሪን ይጨምራል ተባለ። የመልእክቱን ዋጋ ግን እኛው እንከፍላለን። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንድ መልእክት 3 ብር ቢሆንና ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ 2,000 መልእክት ቢልክ 6,000 ብር ይወጣል። በዚያ ምሽት በጠቅላላው 100,000 መልእክት ቢገባ የእኛው 2 በመቶ ይሆናል፤ በ40 ሲባዛ 0.8 ነጥብ ነው። አስተባባሪውን ስንደምር ለ0.8 ነጥብ 9,000 ብር፣ ያውም ለአንድ ምሽት። ስምንት ሳምንት ሙሉ ልጅቷ የሠለጠነችበት ዋጋ እጥፍ ማለት ነው። ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ ስጠይቅም ግልጽ መልስ አላገኘሁም፤ በአጭር ቁጥር የሚላክ ክፍያ የቴሌኮም ድርጅቱ፣ አገልግሎት አቅራቢውና ፕሮግራሙ የሚካፈሉት እንጂ ለተወዳዳሪው የሚደርስ ነገር አለመሆኑን ከእህቴ ጎን የተቀመጡት እናት ሲሰሙ ደነገጡ። ብር ልጃቸው ዘንድ የሚሄድ መስሏቸው ነበር። ድምፅ መስጠት ገቢ ሲሆን ጥንቃቄም ያሻዋል፤ የብሪታኒያው ተቆጣጣሪ ኦፍኮም እ.ኤ.አ. በ2008 የቴሌቪዥን ድርጅቱን አይቲቪን 5.675 ሚሊዮን ፓውንድ የቀጣው ተመልካቾች ከፍለው የደወሉባቸው ፕሮግራሞች በአግባቡ ባለመካሄዳቸው ነው። አገልግሎቱን አልገዛሁም፤ ሌላም ወላጅ እንዲገዛው አልመክርም። ለማስገደድ ግን አልሞከሩም፤ ይህን መመስከር አለብኝ።

ሌላው ጉድለት ስለ ውል አንድም ቃል አለመነገሩ ነው። ተወዳዳሪ የሚፈርመው ወረቀት ምስሉን፣ ድምፁን፣ አንዳንዴም ከውድድሩ በኋላ ያለውን ሥራውን ሊያስር ይችላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም መብት ይሰጣል፤ አንድ የሕግ ባለሙያ ለአንድ ሰዓት ተጋብዞ ይህን ቢያስረዳ ከፖስተሩ ይልቅ ይጠቅም ነበር። የሌላ ሰው ዘፈን ተጫውቶ ስለ መታወቅና የራስ ሥራ ስለ መያዝ ልዩነትም እንዲሁ ሳይነካ አልፏል።

በመጨረሻው ሳምንት አሠልጣኙ ማጣሪያውን ለማያልፉ ልጆች ማጽናኛ የሚሆኑ ታሪኮችን ነገሯቸው። ጄኒፈር ሀድሰን እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካን አይድል ሰባተኛ ወጥታ በ2007 ኦስካር መሸለሟን፣ ሱዛን ቦይል በ2009 ብሪቴንስ ጎት ታለንት በተባለው የብሪታኒያ ውድድር ሁለተኛ መውጣቷን፣ ዋን ዳይሬክሽን የተባለው የወጣቶች ቡድን በ2010 በኤክስ ፋክተር ሦስተኛ መሆኑን አነሡ። ታሪኮቹ እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ሦስቱም እስከ መጨረሻው ዙሮች ደርሰው ሚሊዮኖች ያዩዋቸው፣ ከጀርባቸውም ሸክላ አሳታሚ የቆመላቸው ናቸው። ባዶ ክፍል ውስጥ ቁጥር ለጥፋ ተመልሳ ለምትመጣ ልጅ ምሳሌው ትንሽ ይርቃል። ከዚያ ይልቅ እርሳቸው ራሳቸው ከኪነት ቡድን ዘመናቸው የነገሯቸው፣ በየከተማው በመኪና እየዞሩ የሠሩበት ታሪክ ልጆቹን የበለጠ ሲይዛቸው አየሁ።

በመዝጊያው ቀን የሙከራ ማጣሪያ ተደረገ። የእህቴ ልጅ ከመሐል እንድትጀምር የተሰጣትን ዘፈን ትታ አምባሰል መረጠች፤ ከመነሻው ጀመረች፤ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ላይ «ይበቃል» ተባለች። አሠልጣኙ ከአሥር 7 ሰጧት፤ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ደግሞ «ሰዓቱን ባትስቺ 8 ነበር» አሏት። «ጋሼ፣ ያልጀመርኩትን አልጨርስም ብዬ ነው» ስትላቸው ሳቁ።

እንደ እኔ ግምት ቤቱ ድምፁን በትክክል ለመስማት ለሚፈልግና የተነሣበትን ቅኝት ጠብቆ መዝፈን ላልቻለ ልጅ 4,500 ብሩ ይገባዋል። ቀድሞ በባንድ ለሚሠራ ሰው ግን ከሦስተኛው ሳምንት ማብራሪያ በቀር አዲስ ነገር የለውም፤ የድጋፍ አገልግሎቱን ደግሞ ማንም አይግዛው። ምዝገባ የሚካሄደው እዚያው ፎቁ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ አይሰጡም። ክፍሉ ሰሜን ስለሚዞርና መስኮቱ በደንብ ስለማይገጥም ከኋላ የምትቀመጡ ወላጆች ጋቢ ያዙ፤ እኔ በሁለተኛው ሳምንት ነው የተማርኩት።